ተተኪው ለቅሶ ላይ ነው

በሰባ አንድ ዓመቴ «የስጋት አስተዳደርና የማገገሚያ እቅድ» የሚባል ነገር ጻፍኩ። እኔ፣ ጃንጥላዬን በሳምንት ሁለቴ ባጃጅ ላይ የምረሳው ሰውዬ፣ አንድ ፋብሪካ ክፉ ቀን ቢመጣበት እንዴት እንደሚተርፍ አሥራ አንድ ገጽ ሞልቼ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በፕላስቲክ ሽፋን አስጠርዤ አስረከብኩ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ብትኖር ኖሮ ሰዎቹን ቀድማ ታስጠነቅቃቸው ነበር።

ፋብሪካው ፋብሪካ ሲሉት የሚያፍር ዓይነት ነበር። ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ፀሐይ ሲበረታ ቆርቆሮው የሚንጣጣ አንድ አዳራሽ። ካርቶን እንሠራለን። ጥቅሉ ወረቀት ይመጣል፣ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ጎኑ በሽቦ ይመታል፣ በጭነት መኪና ይሄዳል። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ከዚያ አዳራሽ እንበላ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስቆጥር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ «የአቅርቦት ኃላፊ» ተብዬ ተቀጠርኩ። ኃላፊነቴ ሙጫ እንዳያልቅ ማየት ነው። አልቆም ያውቃል።

የፋብሪካው ባለቤት በአርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ባህል አዳራሽ አካባቢ የነበረውን የአባቷን ቤት ሸጣ ነው ማሽኖቹን የገዛችው። እኔን «ጋሼ» ትለኛለች፤ ስትናደድም «ጋሼ» ነው የምትለኝ፤ ድምፅዋ ብቻ ይለያል።

ደንበኛችን አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ፓርኩ ውስጥ ያለ የሸሚዝ ፋብሪካ። ሸሚዙ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ሲያበቃ ያለ ካርቶን የትም አይሄድም። «ሸሚዝ ያለ ካርቶን ሬሳ ያለ ሳጥን ነው» እያልኩ ሠራተኞቹን አስቅ ነበር። አፌ ከኔ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ።

አንድ ቀን ከሸሚዝ ፋብሪካው አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ጫማዋ ሙጫ ሲረግጥ እንኳ ፊቷን አላጨማደደችም። ቁጭ ብላ እንዲህ አለችን፦ ውጭ ያሉት ገዢዎች አዲስ ነገር ጠይቀዋል። እያንዳንዱ አቅራቢ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ማሽን ቢሰበር፣ መኪና ቢቀር ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። ለእያንዳንዱ ነገር ዋና ሰውና ተተኪ ሰው፣ ከነስልክ ቁጥሩ።

«ካላቀረብን?» አለች ባለቤቷ።

«ከዝርዝር ትወጣላችሁ።»

«አቅርበን አንድ ቀን ብንስትስ?»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አየች። «ኮንቴይነር የሚዘጋበት ቀን ከሆነ፣ አንዴም ይበቃል እትዬ። እኔ አይደለሁም የምወስነው።»

ሽቦ መቺዋ ከማሽኗ ሆና ትሰማ ነበር። ከገጠር የመጣች፣ አንድ ክፍል ተከራይታ በዚያ ወር ልጇን አምጥታ ትምህርት ቤት ያስገባች ሴት ናት። ካርቶን ስትቆጥር በአገሯ ቋንቋ በሲዳሙ አፎ ነው፤ ስትቆጣኝ ግን በአማርኛ ነው፣ ሳይገባኝ እንዳይቀር ፈርታ ይመስለኛል። ተቆጣጣሪዋ ስትወጣ መጣችና «ጋሼ፣ ይሄን ወረቀት የሚጽፈው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኛ።»

«በደንብ ጻፉት እሺ» አለች።

በደንብ ጻፍኩት። ችግሩም እሱ ነው።

እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ታቦር፣ ዳገቱ ላይ ያለ እድር፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ላይ የሚቀበርበት፣ ማለቴ አንድ ላይ የሚቀብርበት። መዝገቡ ቤቴ ነው ያለው። በመዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ አባል ስም፣ ሙያና ስልክ አለ። እቅዱን ልጽፍ ስቀመጥ ወረቀቱን በቀኝ፣ መዝገቡን በግራ አደረግኩ። ጄኔሬተር ሲበላሽ ዋና፦ መካኒኩ ወዳጄ። ተተኪ፦ የመካኒኩ ታናሽ ወንድም፣ እሱም መካኒክ። ጄኔሬተሩ ጨርሶ እምቢ ካለ፦ ጄኔሬተር የሚያከራየው ጎረቤቴ። መኪና፦ የጭነት መኪና ያለው ሹፌር፣ ቤቱ ከኔ ቤት ሦስተኛ ነው። ሁሉም ካልተገኙ የመጨረሻው ስልክ፦ የኔ።

ያኔ ስጽፍ በራሴ ብልጠት ፈገግ ብያለሁ። ገበያ ሄጄ የማላውቀውን ሰው ብጽፍ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ «መጣሁ መጣሁ» ብሎ ስልኩን ያጠፋል። የእድር ሰው ግን ከጠሩት ይመጣል። ድንኳን ተሸክሞ፣ ዝናብ እየደበደበው ይመጣል። ከዚህ የሚበልጥ ዋስትና የት አለ?

ተቆጣጣሪዋ እቅዱን ገልጣ ስታነብ ጣቷን ዝርዝሩ ላይ አቆመች። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች በአንድ ቀን ሁሉም የማይገኙበት ሁኔታ ይኖራል?»

«የኔ ልጅ» አልኳት፣ «እነዚህ ሰዎች ተለያይተው አያውቁም። አንዱን ካገኘሽ ሁሉንም አገኘሽ።»

ሳቀች። ባለቤቷም ሳቀች። እኔማ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ።

ስለ መካኒኩ ወዳጄ ትንሽ ልበል። እኩያዬ ነው፤ ከኔ የሚለየው ሥራ የሚያውቅ መሆኑ ነው። የስልኩ ጥሪ የአውራ ዶሮ ጩኸት ነበር። ቤተ ክርስቲያንም፣ ባንክም፣ የትም ይጮሃል፤ ሰው ሲደነግጥ እሱ ይስቃል። ጄኔሬተራችን በተኛ ቁጥር ይመጣና ያስነሳዋል። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ጠራኝ።

«ና እይ፣ አንተ ሽማግሌ። ይሄ ነገር ቶሎ ቶሎ አየር ይስባል። ይቺን ቡሎን ላላ ታደርጋለህ፣ ይቺን በእጅህ ትገፋለህ፣ አየሩ አረፋ እያደረገ ይወጣል፣ ናፍጣው ብቻ ሲመጣ ጥብቅ ታደርጋለህ። አለቀ። ሕፃን ይሠራዋል።»

«ሕፃን ከሆነማ ለኔ ይከብደኛል» አልኩት።

«ቀልዱን ተውና እጅህን አምጣ።»

«አንተ እያለህ እኔ እጄን ናፍጣ የማስነካበት ምን በደል አለብኝ?»

«እኔ ሁልጊዜ እኖራለሁ እንዴ?»

«አንተ? አንተ እኔን ሳትቀብር የትም አትሄድም። ለቅሶዬ ላይ ያ ዶሮህ እንዲጮህ ነው የምትፈልገው፣ አውቃለሁ።»

ሳቀና ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ወረወረው። እጄ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ አንድ አርብ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። አልጋዬ ላይ ሆኜ የሟቹን ስም ስሰማ ሌላ ሰው ነው ብዬ ነበር፤ ጥሩምባ ነፊው ሁለተኛ ደገመው። ማታ እራቱን በልቶ የተኛ ሰው ነው። ተነስቶ ውሃ ጠይቆ፣ ውሃው ሳይመጣለት።

አሁን የስጋት አስተዳዳሪ የሚባል ሰው፣ እውነተኛው ማለቴ ነው፣ ያንን ጥሩምባ ሲሰማ ምን ያደርጋል? ያ አርብ የኮንቴይነር ቀን ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ሸሚዞቹ ተጭነው ይዘጋል፤ እኛ የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች ከቀትር በኋላ ማድረስ ነበረብን። ይሄንን ሁሉ አውቃለሁ። እቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእቅዱ ተራ ቁጥር አንድ እንደሞተ፣ ተራ ቁጥር ሁለት ወንድሙ እንደሆነ፣ የቀሩትም ቀብር እንደሚውሉ ለመደመር ትልቅ ሒሳብ አያስፈልግም። እኔ ግን የአልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ዶሮው ነው ያሰብኩት። ስልኩን ማን ያጠፋለታል እያልኩ።

ለባለቤቷ ደወልኩ። «ዛሬ አልመጣም፣ የእድራችን ሰው አርፎብን ነው» አልኳት። ማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ስሙን አፌ ላይ አድርጌ ማውጣት አቃተኝ። እሷም ጨዋ ናት፣ አልጠየቀችም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ ጋሼ። እኔም በመጣሁ፣ ግን ዛሬ ያው ያውቁታል» አለች።

አውቀዋለሁ።

አራት ሰዓት ላይ የአካባቢው መብራት ጠፋ። ይሄንን በኋላ ነው የሰማሁት። ጄኔሬተሩን አስነሱት፤ ሦስት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ባለቤቷ አልደነገጠችም። ለምን ትደነግጣለች? በፕላስቲክ የተጠረዘ እቅድ አላት። ነገሩ በፋብሪካው ሰው የሚፈታ መስሏት መጀመሪያ ከሠራተኞቹ ጋር ሆና ጄኔሬተሩን ታገለችው፤ ወዳጄን ሁልጊዜ የምጠራው እኔ ስለነበርኩ፣ በለቅሶ ቀን እኔን ላለማስቸገር ባጃጅ ይዛ ገበያ ወርዳ ሌላ መካኒክ አገኘች፤ «ቀድመሽ ሂጂ፣ እከተልሻለሁ» አላትና ቀረ። እንግዳ መካኒክ እንዲህ ነው ብዬ ነበር፤ ልክ ነበርኩ። ሰባት ሰዓት ሲሆን እቅዱን ከመሳቢያ አወጣች። መነጽሯን አደረገች። ከተራ ቁጥር አንድ ጀመረች።

እኛ መቃብር ላይ ነበርን። ፍትሐቱ አልቆ፣ ሳጥኑ ወርዶ፣ አፈሩ መመለስ ሲጀምር፣ ከታናሽ ወንድምየው ኮት ኪስ ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ።

ከዚያ የሟች ሚስት የጮኸችው ጩኸት፣ እሱን ለመጻፍ አልሞክርም። ወንድምየው ስልኩን አውጥቶ ሲያጠፋ የራሱ ስልክ ጠራ። እሱንም አጠፋው። ሰዉ «ምን ዓይነት ሰው ነው በዚህ ሰዓት የሚደውለው?» ብሎ አጉረመረመ። እኔም አጉረምርሜያለሁ።

ቀብሩ ሲያልቅ የእድራችን ወግ ስም ጥሪ ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ይጠራል፣ አባሉ «አቤት» ይላል። ስም እየተጠራ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው። ይሄንን ደንብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሁለት ሰውም አስቀጥቼበታለሁ፣ በጣም ኮርቼ። መዝገቡን ከፍቼ መጥራት ጀመርኩ። ጥቂት ስሞች እንደሄድኩ ጄኔሬተር የሚያከራየው ጎረቤቴ ኪስ ውስጥ ስልክ ጠራ። አየት አድርጎ አፈነው። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ በኩል የሹፌሩ ስልክ።

ያኔ ነው የገባኝ። መካኒኩ፣ ወንድሙ፣ ጄኔሬተሩ፣ መኪናው። የሆነ ሰው እቅዴን ጮክ ብሎ እያነበበልኝ ነው። በእጄ የያዝኩት መዝገብና እሷ በእጇ የያዘችው ወረቀት አንድ ናቸው። እሷ ከዚያ ትጠራለች፣ እኔ ከዚህ እጠራለሁ፤ ለኔ «አቤት» ይላሉ፣ ለእሷ ዝም።

ከዚያ ደረቴ ኪስ ውስጥ የኔው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ብዙ ሰው «ስልኩን አልሰማሁም» ይላል። እኔ ሰምቼዋለሁ። የመዝገቡ ግማሽ ላይ ነበርኩ። መዝገቡን ላጠገቤ ሰው ሰጥቼ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማለት ይቻል ነበር። ምን ይሉኛል? የወዳጁ አፈር ሳይደርቅ ስለ ካርቶን የሚያወራ ሽማግሌ። ደንቡን ራሱ አውጥቶ ራሱ የሚጥስ። እና ደግሞ፣ ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ባነሳው ምን እላታለሁ? «ተተኪው የት ነው?» ብትለኝ፣ «ለቅሶ ላይ ነው» ልላት ነው? ስልኩ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ጠበቅኩና ቀጣዩን ስም ጠራሁ። «አቤት» አለ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። እስከ መጨረሻው ስም ጠራሁ። የቀሩትን «ቀሪ» ብዬ በቀይ ምልክት አደረግኩ። የእጄ ጽሑፍ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም።

ለቅሶ ቤት ተመልሰን ስደውልላት ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

«ጋሼ» አለች። ያኛው ድምፅ ነው። «መካኒኩ ለምን አያነሳም?»

«እሱ ነው» አልኳት።

«ምኑ ነው እሱ?»

«የሞተው።»

ከኋላዋ ሠራተኞቹ ሲሯሯጡ፣ ፕላስተር ሲቀደድ ይሰማኛል። የሽቦ መቺዋ ማሽን ስለሞተ በእጅ እያጠፉ በፕላስተር እያጣበቁ ነበር። ከዚያ ባለቤቷ «ወይኔ፣ እኔ እኮ ደወልኩለት» አለች፤ ማልቀስ ጀመረች። ለፋብሪካዋ ሳይሆን ለሱ ነበር ያለቀሰችው።

የእድር ሰው ከጠሩት ይመጣል ብዬ አልነበር? መጡ። ለጎረቤቴና ለሹፌሩ በጆሯቸው ስነግራቸው፣ የለቅሶ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሮጡ። የጄኔሬተሩ መጋዘን ቁልፍ የጎረቤቴ ሚስት ጋ ነው፣ እሷ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ወጥ ታወጣለች፤ ቁልፉ የት እንደተቀመጠ እስክታስታውስ ብዙ ጊዜ ነጎደ። ወንድምየውን አልጠራሁትም። የወንድሙ ድንኳን እንደተተከለ ቁልፍና መፍቻ ይዞ የሚወጣ ሰው በታቦር ዳገት ላይ ከዚያ በኋላ እንዴት ይኖራል? በእቅዱ ላይ «ዋናው ከሌለ ተተኪው» ብዬ የጻፍኩት እኔ፣ ዋናው የማይኖርበት ትልቁ ምክንያት ተተኪውን ድንኳን ውስጥ እንደሚያስቀምጠው አላሰብኩም።

የኪራዩን ጄኔሬተር ጭነን ፋብሪካው በር ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። አራት አምስት ነጠላ የለበሰ ሽማግሌና ጎልማሳ ከመኪና ላይ ሲወርድ ሠራተኞቹ ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው ብድግ አሉ። ባለቤቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። «ከሌላ ወስደው ጭነዋል» አለች። «ኮንቴይነሩ ሄዷል።» ግድግዳው ጥግ በፕላስተር የተጣበቁ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ጠማማ፣ ለሕፃን አልጋ የሚሆኑ እንጂ ለሸሚዝ የማይሆኑ።

በማግሥቱ ተቆጣጣሪዋ ደወለችልኝ። ለባለቤቷ ሳይሆን ለኔ። «ጋሼ፣ እቅድዎን ከፍቼ እያየሁት ነው። ሁሉም ቁጥር ይሠራ ነበር እኮ። ሁሉም ይጠራል።»

«ይጠራል» አልኳት።

«አለቆቼን ለመንኩ። እውነቴን ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ ልጄ። ቀድመሽ ጠይቀሽኝ ነበር።»

ከዝርዝር ወጣን።

በሰልስቱ ማግሥት ድንኳኑ ተነቀለ፤ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ወንድምየው የሟቹን የመሣሪያ ሳጥን ይዞ ጥቁር እንደለበሰ ፋብሪካው መጣ። ማንም አልጠራውም። «ስሜ እቅዱ ላይ አለ ብለውኝ» አለ። ምንም የሚሠራ ሥራ እንደሌለ ልንነግረው አልቻልንም። ጎንበስ አለ። አንዲት ቡሎን አላላ። በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ገፋ። አረፋ እያደረገ ወጣ፣ ከዚያ ናፍጣው ብቻ መጣ፣ ጥብቅ አደረጋት። አንድ ሲጋራ የማያስጨርስ ጊዜ ነው የፈጀበት። ጄኔሬተሩ በመጀመሪያው ተነሳ።

«አየር ስቦ ነው» አለ እጁን እየጠረገ። «ጋሼ፣ ወንድሜ አላሳየዎትም እንዴ? እሱ እኮ ለሁሉም ሰው ነበር የሚያሳየው።»

ሠላሳ ሰው ያየኛል። ሽቦ መቺዋ ከማሽኗ ፊት ቆማለች፤ ከልምድ የተነሳ እጇን ማብሪያው ላይ አድርጋለች። የሚመታ ካርቶን የለም።

«አሳይቶኛል» አልኩ።

ወንድምየው ሳጥኑን ዘግቶ «ላጥፋው?» ሲል ባለቤቷን ጠየቃት።

«ተወው» አለች። «ናፍጣው ይለቅ።»

እስከ ከሰዓት ድረስ ዘለቀ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ከላይ ቆርቆሮው ይንጣጣል። እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ አየሁት፤ ንጹሕ ነበር። ጄኔሬተሩ ሦስት ጊዜ አስሎ ሲቆም ሽቦ መቺዋ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈችው፣ ማሽኗ ላይ አስቀመጠችውና በሲዳሙ አፎ የሆነ ነገር ተናገረች። ለኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለኔ ቢሆን በአማርኛ ትለው ነበር።